ከዋንጫው በፊት ጫማውን የሰቀለው አምበል

ነገሩ የተነሣው ከአንድ ቃል ነው። ሰፈራችን ካለው ዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጠን የዌስትሃምን ጨዋታ ስናይ፣ ካሜራው ከተመልካቹ መካከል ማርክ ኖብልን ለቅጽበት አሳየ። «ሌጀንዱ!» አልኩ። ከጎኔ ያለው ወዳጄ የአርሰናል ደጋፊ ነው። ዞር ብሎ አየኝና «በምኑ ነው ሌጀንድ የሆነው? የትኛውን ዋንጫ አነሣ?» አለኝ።

መልስ አጣሁ። ቃሉን ከአፌ ያወጣሁት ሳላስብበት እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ቤቴ ገብቼም ጥያቄው አልለቀቀኝም። አንድን ሰው ከሌላው ሁሉ ከፍ የምናደርግበት ቃል ነውና፣ ያለ ምክንያት ከሰጠሁት ያለ ምክንያት ልነሣውም እችላለሁ ማለት ነው። ስለዚህ ምክንያቴን ፍለጋ ገባሁ።

በመጀመሪያ የማውቀውን ቆጠርኩ፤ ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ኖብል በ1987 ምሥራቅ ለንደን ካኒንግ ታውን ተወለደ፤ ከድሮው የዌስትሃም ሜዳ ከአፕተን ፓርክ ብዙ አይርቅም። በታዳጊ ቡድኑ አድጎ በነሐሴ 2004፣ በ17 ዓመቱ፣ ለዋናው ቡድን ተሰለፈ። በ2006 ለጥቂት ወራት በውሰት ወደ ሃል ሲቲና ወደ ኢፕስዊች ከመሄዱ በቀር እስከ ግንቦት 2022 ድረስ ሌላ ማለያ አልለበሰም። 550 ጨዋታ፣ 62 ጎል። ከ2015 ጀምሮ አምበል። በፕሪሚየር ሊጉ ለዌስትሃም የእሱን ያህል የተሰለፈ የለም። ለእንግሊዝ ከ21 ዓመት በታች ቡድን አምበል ነበር፤ ለዋናው ብሔራዊ ቡድን ግን አንዲት ጨዋታ እንኳ አልተጫወተም። በክለቡ ያገኘው ድል በ2005 እና በ2012 ከታችኛው ሊግ ወደ ላይ ያሳደጉት የማለፊያ ፍጻሜዎች ናቸው። ዋንጫ ከተባለ ያ ነው።

ከሁሉ የሚያመው ደግሞ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ጫማውን በሰቀለ በዓመቱ፣ ሰኔ 7 ቀን 2023፣ ዌስትሃም ፕራግ ላይ ፊዮረንቲናን 2 ለ 1 አሸንፎ የኮንፈረንስ ሊግን ወሰደ። ከ1980ው የኤፍኤ ዋንጫ ወዲህ፣ ከ43 ዓመት በኋላ የመጣ ትልቅ ዋንጫ ነው። ያነሣው አምበል ዴክላን ራይስ ሲሆን ኖብል በዚያን ጊዜ የክለቡ ስፖርቲንግ ዳይሬክተር ነበር። በቀጣዩ ወር ራይስ በ100 ሚሊዮን ፓውንድና በተጨማሪ ክፍያ ወደ አርሰናል ሄደ። ወዳጄ «የትኛውን ዋንጫ?» ሲለኝ በልቡ የያዘው ይህን ነው፤ ዋንጫ ያነሣው ሰው ዛሬ የእርሱ ክለብ ተጫዋች ነው።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ያዘነበልኩት ወደ ወዳጄ ነው። «ኖብል ታማኝ ነበር» ብል አንድ ቦታ መቆየት ብቻውን ምን ያስመሰግናል? ዛፍም በቆመበት ይኖራል፣ ታማኝ ግን አንለውም። ታማኝነት የሚለየው የሚያማልል በር ተከፍቶ ሳለ ሲቀሩ ነው። ቶቲ ለሪያል ማድሪድ እምቢ ብሎ ሮማ ቀርቷል። ጄራርድ በ2005 ሊቨርፑልን እንደሚለቅ ካሳወቀ በኋላ በማግስቱ ሐሳቡን ቀይሯል። የኖብል ስም ከእንዲህ ያለ ገናና ጥሪ ጋር ተያይዞ አይነሣም። በዚያ ላይ የፕሪሚየር ሊግ ደሞዝ እየበሉ መቆየት እንደ መሥዋዕትነት ሊቆጠር አይችልም። እዚህ ላይ ክርክሩን ልዘጋው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ያስቆመኝ 2011 ነው። በዚያ ዓመት ዌስትሃም ከፕሪሚየር ሊጉ በመጨረሻ ደረጃ ወረደ። የእንግሊዝ እግር ኳስ ጸሐፊዎች ማኅበር የዓመቱ ኮከብ ብሎ የመረጠው ስኮት ፓርከር የዚሁ የወረደ ቡድን አማካይ ነበር፤ በክረምቱ መጨረሻ ወደ ቶተንሃም ሄደ፣ ማንም አልፈረደበትም። ኖብል 24 ዓመቱ ነው፣ የሚጫወተውም በዚያው በአማካይ ቦታ ነው። ከቡድኑ ጋር ወርዶ ሻምፒዮንሺፕ ተጫወተ፣ በዓመቱም ብላክፑልን 2 ለ 1 አሸንፈው ተመለሱ። እንግዲህ በሩ አልተከፈተም ያልኩት ስህተት ነው። መውረድ ራሱ የተከፈተ በር ነው፣ ያውም ሰው ሳይወቅስ የሚወጣበት በር።

በዚህ ረክቼ ሳለሁ ቦቢ ሙር ትዝ አለኝና ሁሉም ፈረሰ። በዌስትሃም ቤት ከሙር በላይ የሚጠራ ስም የለም። በ1964 የኤፍኤ ዋንጫን፣ በ1965 የአውሮፓ ዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫን፣ በ1966 የዓለም ዋንጫን ሦስቱንም ዌምብሌይ ላይ በአምበልነት አንሥቷል። ሐውልቱ ከዚያው ስታዲየም ፊት ቆሟል፣ 6 ቁጥርንም ከእርሱ ወዲያ ማንም እንዳይለብሰው ክለቡ አንሥቶታል። ይኸው ሙር ግን የዓለም ዋንጫው ሊጀመር ሲል ከዌስትሃም ጋር ያለው ውል አልቆ ነበር፤ ወደ ቶተንሃም መሄድ ይፈልግ ነበርና ለማደስ አልፈቀደም። ያለ ክለብ መጫወት ስለማይቻል አሠልጣኙ ሮን ግሪንዉድ ብሔራዊ ቡድኑ ወዳለበት ሆቴል ወረቀት ይዘውለት ሄደው የአጭር ጊዜ ውል አስፈረሙት። በ1974ም ወደ ፉልሃም ተዛወረ። ስለ ታላቅነቱ ማንም የማይከራከርለት ሰው ሊሄድ የፈለገ፣ ኋላም የሄደ ነው። የመሄድ ፍላጎት ከሙር ክብር ምንም ካላጎደለ፣ መቅረት ለኖብል ክብር የሚጨምረው በምን ሒሳብ ነው? ታማኝነት ሚዛኑ አይደለም ማለት ነው።

ታዲያ ሚዛኑ ዋንጫ ይሆን? ይህንንም ፈተንኩት። ዋንጫ ከሆነ ፕራግ ላይ የተሰለፉት አሥራ አንዱም ከኖብል ሊበልጡ ነው፤ ይህን ደግሞ ዌስትሃምን የሚያውቅ ሰው የሚቀበል አይመስለኝም። ካርሎስ ቴቬዝም አለ። ምሥራቅ ለንደን የቆየው አንድ የውድድር ዘመን ብቻ፣ ያውም ያለ ዋንጫ ነው። ቢሆንም ስሙ እስከ ዛሬ በፍቅር ይነሣል፣ በ2007 ቡድኑን ከመውረድ ያዳነው እርሱ ነውና። ያን ዓመት ሳስብ ከቴቬዝ ይልቅ በዓይኔ የሚመጣው አንድ ሌላ ምስል ነው። መጋቢት 4 ቀን፣ አፕተን ፓርክ። ዌስትሃም ቶተንሃምን ሲመራ ቆይቶ በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 3 ተሸነፈ። በዚያ ጨዋታ የመጀመሪያ የፕሪሚየር ሊግ ጎሉን ያገባው የ19 ዓመቱ ኖብል ፊሽካው ሲነፋ ሜዳው ላይ ቆሞ አለቀሰ። ከዚያ በኋላ ቡድኑ ከዘጠኝ ጨዋታ ሰባቱን አሸንፎ፣ በመጨረሻው ቀን ኦልድትራፎርድ ላይ በቴቬዝ ጎል 1 ለ 0 ረትቶ ተረፈ። ቴቬዝ በዚያው ክረምት ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ ሄደ፣ ያለቀሰው ልጅ ግን ቀረ።

ታማኝነትም ዋንጫም ሚዛን ካልሆኑ ምን ቀረ? እዚህ ላይ ብዙ ቀን ተንገላታሁ። መውጫውን ያሳዩኝ አባቴ ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማር። በልጅነቴ ስለ መንግሥቱ ወርቁ ያወጉኝ ነበር። በ1954 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ አራተኛውን ጎል ያገባው እርሱ ነው። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው ግን አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። አባቴ ሁለቱንም ያከብሩ ነበር። ጨዋታቸው ሲሞቅ ግን ወደ መንግሥቱና ወደ ክለቡ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ያዘነብላሉ፤ ከማን ጋር ስታዲየም እንደሄዱ፣ ምን ለብሰው እንደነበር፣ በእግራቸው ወደ ቤት ሲመለሱ ምን እንደተባባሉ ይተርካሉ። መንግሥቱን ሲተርኩ ወጣትነታቸውንም ይተርኩ ነበር። እኔ በዓይኔ አላየሁትም፤ የማውቀው ከአባቴ አፍ ነው። ሌጀንድ የሚለውን የፈረንጅ ቃል መዝገበ ቃላት «አፈ ታሪክ» ይለዋል። ሰዎች የራሳቸውን ኑሮ ሲያወጉ ያለ እርሱ ወሬያቸው የማይሞላላቸው ሰው ማለት ይሆን አልኩ።

ቶሎ ግን ሌላ ጥርጣሬ መጣ። ይህ ከሆነ የተወደደ ሁሉ ሌጀንድ ሊባል ነው። ሕዝብ ደግሞ ለመውደዱ ምክንያት ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ፍቅሩ የተመሠረተበትን ነገር ማየት ነበረብኝ።

ሰዋስው ስንማር ድርጊቱን የሚፈጽመውን ቃል «ባለቤት» እንለው ነበር። የዌስትሃምን 18 ዓመታት በግስ ብቻ ልጻፋቸው፤ አደገ፣ ተረፈ፣ ወረደ፣ ተመለሰ፣ ቤቱን ለቀቀ። ባለቤቱ ማን ነው? አሠልጣኞቹ ተለዋውጠዋል፣ ክለቡን የያዙት ባለሀብቶችም እንዲሁ። በ2016 አፕተን ፓርክ ራሱ ተትቶ ቡድኑ ወደ ኦሊምፒኩ ስታዲየም ሄደ። ለእያንዳንዱ ግስ ሳይቀየር ባለቤት ሆኖ የሚገኘው ተጫዋች ኖብል ብቻ ነው።

ባለቤትነቱም መገኘት ብቻ አልነበረም። በመጋቢት 2018 በርንሌይ 3 ለ 0 ባሸነፋቸው ጨዋታ በክለቡ ባለሀብቶች የተቆጡ ደጋፊዎች ሜዳ ገቡ፤ ኖብል አንዱን ይዞ መሬት ላይ ጣለው። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ደግሞ ክለቡ ወጣቱን ግሬዲ ዲያንጋናን ለዌስትብሮም ሲሸጠው፣ በአምበልነቱ ማዘኑንና መቆጣቱን በአደባባይ ጻፈ። ለደጋፊው ሲል ደጋፊን አላቆላመጠም፤ ለአሠሪው ሲልም ዝም አላለም። ቤቱን የራሱ ያደረገ ሰው ከውጪም ከውስጥም ለሚመጣው እንዲህ ነው የሚቆጣው።

በመጨረሻ ወደማልወደው ትዝታ መሄድ ግድ ሆነብኝ፤ መስከረም 19 ቀን 2021። ማንቸስተር ዩናይትድ በ89ኛው ደቂቃ በሊንጋርድ ጎል 2 ለ 1 መርቷል። በጭማሪው ሰዓት ኳስ የዩናይትዱን ተከላካይ የሉክ ሾውን እጅ ነካችና ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ። አሠልጣኙ ዴቪድ ሞየስ ከተጠባባቂ ወንበር ኖብልን አስነሥተው፣ ለዚያች አንዲት ምት ብለው አስገቡት። ኳስ አልነካም፣ ላብም አልወጣው። መታ፤ ግብ ጠባቂው ዴ ሂያ አዳነበት፤ ጨዋታው አለቀ።

ይህን ቀን በክርክሬ ውስጥ ከተቃዋሚው ወገን አስቀምጬው ነበር፤ ወሳኝ ጊዜ ላይ የሳተ አምበል ብዬ። ደጋግሜ ሳስበው ግን የማየው ከወንበሩ ሲነሣ ነው። 34 ዓመቱ ነው፣ የመጨረሻ ዓመቱ እንደሆነም አስቀድሞ ተናግሯል። ራይስ ሜዳ ላይ አለ፣ ሌሎቹም በጨዋታው ውስጥ ሞቀው አሉ። «እግሬ ቀዝቅዟል፣ ሌላ ይምታ» ቢል ማንም አይፈርድበትም ነበር። እርሱ ግን ቢገባ አንድ ነጥብ፣ ቢስት ሙሉ ወቀሳው በራሱ ላይ ወደሚወድቅበት ቦታ ሄደ። እንደ 2011ዱ ሁሉ ይህም ወቀሳ የሌለበት በር ነበር፣ እንደገና አልወጣበትም። ሙር ለታላላቆቹ ድሎች ባለቤት ሆኖላቸዋል። ለሽንፈቱ፣ ለመውረዱ፣ ለሳተው ምት ባለቤት የሚሆን ሰውም ታሪኩ ይፈልጋል፤ ያ ሰው የሚያገኘው ዋንጫ የለም። ከሙር እኩል ነው አልልም፣ አይደለምም። ከሙር ጋር በአንድ ቃል ይጠራ ዘንድ ግን ይገባዋል አልኩ።

የራሴን ፍቅር ተጠራጥሬ ሚዛኑን ራይስ ላይ ሞከርኩት። ራይስ ከኖብል የተሻለ ተጫዋች ነው፣ ይህ አያከራክርም። ለዌስትሃምም ኖብል ያልሰጠውን ዋንጫ ሰጥቷል፤ መሄዱንም አልነቅፍበትም። የ18ቱን ዓመት ዓረፍተ ነገር ግን በእርሱ ስም መጻፍ አይቻልም፤ አንዲት የምታምር ሐረግ ነው የጻፈላቸው።

በቀጣዩ ቅዳሜ እዚያው ቤት ወዳጄን አገኘሁትና ይህን ሁሉ ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማ። ሻዩን አስቀምጦ ትንሽ ካሰበ በኋላ «ያቺ ፍጹም ቅጣት ምት ብትገባ ኖሮስ?» አለኝ።

«ያኔ ጥያቄህን እንዲህ አልፈትሸውም ነበር» አልኩት። ቡድኖቹ እየወጡ ነበር፤ አምበሎቹን ለማየት ወንበሬን አዞርኩ።