በምጥ ሰዓት የትንፋሽን ሥርዓት መማር የእምነት ጕድለት ነውን?

በአገራችን አንዲት እናት ምጥ ሲይዛት፥ በዙሪያዋ ያሉት ሴቶች «ማርያም፥ ማርያም» እያሉ ይማጸኑላታል፤ አዋላጂቱም «አይዞሽ፥ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ» ትላታለች። ጸሎቱና ምክሩ በአንድ ቤት፥ በአንድ ሰዓት ይሰማሉ። ዳሩ ግን አንዳንድ ምእመናን፦ ሔዋን በጭንቅ ትወልድ ዘንድ ከተፈረደባት በኋላ፥ ጭንቁን በትንፋሽ ዘዴ ለማቅለል መድከም የእግዚአብሔርን ፍርድ መቃወም አይደለምን? ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ከቅን ልብ የሚወጣ ስለ ሆነ መልስ ይገባዋል።

አስቀድመን የነገሩን ጠባይ እንመልከት። ሕመም ከሥጋ ይነሣል፤ የሚታወቀው ግን በአንጎል ነው። ስለዚህ ፍርሃት ሲጨመርበት ይበረታል፤ ልብ ሲረጋጋ ይለዝባል። የፈራ ሰው ትንፋሹ ይቈራረጣል፥ ሰውነቱም ይኰማተራል፤ ይህም ሕመሙን ያብስበታል። ዝግ ብሎ መተንፈስ፥ ይልቁንም አየሩን ቀስ አድርጎ ማስወጣት፥ የልብን ትርታ ያዘገያል፤ አሳብንም ከሕመሙ ይመልሳል። የሕመሙን ምክንያት አያስወግድም፤ አገዛዙን ግን ያላላል።

ፈረንሳዊው ሐኪም ፈርናን ላማዝ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1951 ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄዶ፥ አስቀድመው የተማሩ እናቶች ያለ ማደንዘዣ ሲወልዱ አየ፤ ወደ ፓሪስም ተመልሶ ይህንኑ አስተማረ። በ1956 የሮማው ፓፓ ፒዮስ 12ኛ ስለዚህ ነገር ተጠይቀው፥ ዘዴው በራሱ የሚነቀፍ እንዳልሆነ ለሐኪሞች ተናግረዋል። ክርክሩ ግን ከዚያም የቀደመ ነው፤ ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጄምስ ሲምፕሰን በ1847 ለወላዶች ክሎሮፎርም በሰጠ ጊዜ ይኸው ተቃውሞ ተነሥቶበት ነበር።

እኛም እንዲህ እንላለን። አዳም ደግሞ በወዙ ይበላ ዘንድ ተፈርዶበታል፤ ምድርም እሾህን ታበቅልበታለች። ይሁን እንጂ በሬ ጠምዶ ድካሙን የሚያቀለውን፥ እሾሁንም የሚመነጥረውን ገበሬ «ፍርዱን ሸሸ» ብሎ የሚወቅሰው የለም። ለአባት የተፈቀደው እፎይታ ለእናት የሚከለከለው ስለ ምንድን ነው?

ጌታችን በተሰቀለ ጊዜ ከርቤ የተቀላቀለበትን ወይን እንዳልተቀበለ የሚያስታውሱ አሉ፤ እውነት ነው። ነገር ግን መከራውን በፈቃዱ ስለ እኛ ተቀበለ እንጂ፥ ሊፈወስ የመጣውን ሕመምተኛ «ታገሥ» ብሎ አልመለሰም። መከራን በራስ ላይ መፍቀድ ትዕግሥት ነው፤ በባልንጀራ ላይ መጫን ግን ጭካኔ ነው።

እንግዲህ ይህን ስንል ሦስት ነገር እናስጠነቅቃለን። አንደኛ፥ ትንፋሽ የአዋላጅንና የሐኪምን ቦታ አይተካም፤ ምጥ ሲረዝም ወይም ደም ሲበዛ ወደ ሐኪም ቤት መፍጠን ግዴታ ነው። ሁለተኛ፥ ከልክ በላይ እየተጣደፉ መተንፈስ ራስን ያዞራል፥ ጣትንም ያደነዝዛል፤ ስለዚህ ከሚያውቅ ሰው መማር ይገባል። ሦስተኛ፥ እስትንፋስ የፈጣሪ ስጦታ ነው እንጂ የሚመለክ ኃይል አይደለም። ስለዚህ እናቲቱ ትንፋሿን ስታስወጣ «እግዚኦ» ብትል፥ ስጦታውን ለሰጪው መለሰች ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ካህናትና የንስሐ አባቶች ይህን እንዲያስተውሉ እንለምናለን። ዘዴውን ተምራ ሳለ ሕመሙ በርትቶባት የጮኸችውን እናት እምነቷ እንደ ጐደለ፥ ትዕግሥቷም እንዳነሰ አድርጎ የሚናገራት አይኑር። ዝምታ የቅድስና መለኪያ አይደለም፤ ኃጢአት የሌለበት እርሱ እንኳ በመስቀል ላይ በታላቅ ድምፅ ጮኋልና። በጸጥታ የወለደችውንም፥ በጩኸት የወለደችውንም በአንድ ቃል «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንበላቸው።