ዝም የሚል ጉበትና የማይታይ በደል

ሌላ ሰው ያላየውን፥ ተበዳዩም ራሱ ያላወቀውን በደል፥ በደል ብለን ልንጠራው ይገባልን? ይህን ጥያቄ ለመመርመር ሩቅ መሄድ አያሻም፤ የገዛ ጉበታችን ምሳሌ ይሆነናል።

ጉበት በቀኝ ጎድን ሥር ተሰውሮ፥ ከአንጀት የሚመጣውን ደም እየተቀበለ መርዙን የሚያከሽፍ፥ የምግቡንም ኃይል የሚያከማች ብልት ነው። ነገር ግን በውስጡ ሕመምን የሚያስታውቅ ነርቭ የለውምና፥ እየተጎዳ እንኳ ብዙ ዘመን ዝም ይላል። ዓይን ቢጫ ሆኖ ሕዝቡ የወፍ በሽታ ብሎ የሚጠራው ምልክት የሚገለጠው፥ በብዙ ሰው ላይ ጉዳቱ ከበረታ በኋላ ነው።

እንግዲህ በመርካቶ፥ በበርበሬ በረንዳ ያለውን ንግድ እናስብ። አንድ ነጋዴ ሚዛን እንዲያነሣለት በበርበሬው ላይ ውሃ ቢረጭ፥ ወይም የሻገተውን ኦቾሎኒ ከደኅናው ቀላቅሎ ቢሸጥ፥ ገዢው በልቶ በሰላም ያድራል፤ በማግሥቱም አይታመምም። ነጋዴውም ማንንም አልጎዳሁም ይላል። ዳሩ ግን በእርጥብ በርበሬ፥ በኦቾሎኒና በበቆሎ ላይ ከሚበቅለው ሻጋታ አንዳንዱ አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ ያወጣል። ይህም መርዝ በምጣድ እሳት ፈጽሞ አይጠፋም፤ ለብዙ ጊዜ ሲበላም የጉበት ካንሰር ያመጣል፤ ይልቁንም ሄፓታይተስ ቢ በደሙ ባለበት ሰው ላይ ይከፋል። ሕመሙ ከብዙ ዓመት በኋላ ቢመጣ ገዢው የሻጩን መልክ አያስታውስም፤ እግዚአብሔር ግን አይረሳም። ሐሰተኛ ሚዛን የባልንጀራን ገንዘብ ይወስዳል፤ ይህ ግን ዕድሜውን ይወስዳል።

ነገሩ በነጋዴው ብቻ አያበቃም። ሥጋዬ የራሴ ነው እያለ ማታ ማታ አረቄ ሲጠጣ የሚያመሽ ሰው፥ በገዛ ጉበቱ ላይ ያንኑ ያደርጋል። ሐዋርያው ጳውሎስ ግን ሥጋችን የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ መሆኑን ለቆሮንቶስ ሰዎች አስተማረ። የሕመሙንም ሸክም ከእርሱ ጋራ የሚሸከሙ ሚስትና ልጆች፥ ሥጋው የእርሱ ብቻ እንዳልሆነ ይመሰክራሉ።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ ሕመምን ሳንጠብቅ እንጀምር። አረቄን እንተው። ሽሮው፥ ምስሩና ጎመኑ በማዕዳችን ይብዛ፤ ስኳርና ቅባት ይቀነስ፤ ቡናም ስኳር ሳይበዛበት ቢጠጣ ለጉበት ይስማማል። በመደብር ተቀምጦ የሚውል ሰው ወደ ቤቱ በእግሩ ይሂድ። ሕፃናት ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የሚሰጠውን የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ሳያጓድሉ ይከተቡ፤ አዋቂም ደሙን ያስመርምር። ጉበት ጠባሳ ሳይወርሰው ጉዳቱ ከቆመለት ራሱን ያድሳልና፥ ጊዜ ሳለ መመለስ ታላቅ ጸጋ ነው።

የሻገተውንም እህል አንሽጥ፤ ለላም እንኳ አንስጥ፤ መርዙ በወተቷ ወደ ልጆቻችን ይመለሳልና። የሻገተውን የጣለ ነጋዴ ዛሬ በእርግጥ ይከስራል፤ ማንም አያመሰግነውም። የተረፈውም ሰው መትረፉን አያውቅም። በስውር የሚያይ አምላክ ግን ያውቀዋል፤ ለክርስቲያንም ይህ ይበቃዋል።