ሽመላ የየት አገር ናት?

የተከበራችሁ የሃሊሳ ወላጆች፦ በመጋቢት ወር በዝናብ ወደ ኤሜክ ይዝርኤል ስንወጣ «ሰው በዝናብ ወፍ ሊያይ ይወጣል?» ብላችሁ ስቃችሁብኛል። ሽመላ የምትንሳፈፈው ፀሐይ ባሞቀችው አየር ላይ ነውና ሲዘንብ መሬት ትወርዳለች። ያገኘናትም እርሻ መካከል ቆማ ነው።

አንድ አባት በጎንደር ሳሉ ሽመላ ስታልፍ ልጆች እየዘመሩ የኢየሩሳሌምን ደህንነት ይጠይቋት እንደነበር ለልጃቸው አጫወቱት። ልጁ በዕብራይስጥ መለሰ፦ ጎጆዋ ፖላንድ ነው፣ እዚህ ታልፋለች እንጂ አትኖርም። ልክ ነው። በየዓመቱ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሽመላ በዚህች አገር ሰማይ ታልፋለች፤ የምትፈለፈለው ግን በአውሮፓ ነው። አባትየው ዝም አሉ።

እውነት የሆነ ሁሉ ለአባት ፊት ለፊት ይነገራል? ልጆቻችን በኩፓት ሆሊም ያስተረጉሙልናል፣ ደብዳቤ ያነቡልናል፤ ውሎ አድሮ ወላጅ ምንም የማያውቅ ይመስላቸዋል። ቢሆንም ልጁን ዝም ማሰኘት አልወድም (እኔም በልጅነቴ ተናጋሪ ነበርኩ)። እንደሚመስለኝ አባቶቻችን ስለ ወፏ ምስክርነት አልሰጡም፤ ጠየቁ እንጂ። የጠየቀ ሰው ደግሞ አልዋሸም። በ1984 እ.ኤ.አ. ብዙዎቹን በእግር ሱዳን ድረስ ያስኬዳቸው ያው ጥያቄ ነው፤ በዚያ ጉዞና በመጠለያዎቹ 4000 ያህል ወገኖቻችን ቀርተዋል። ይህንን የወፍ መጽሐፍ አይነግረውም፤ አባቱ ካልነገሩት ማን ይነግረዋል?

አባትየው ቆየት ብለው «አሁንስ ከየት እየመጣች ነው?» አሉ።

«ከአፍሪካ ነው፣ አባዬ።»

ጃንጥላውን ለልጁ ሰጥተው ወደ እርሻው ጠጋ አሉ።