ከነጋቲቩ ስንት እጅ እንርቃለን?

አንድ የቪሲዲ ምስል 352 በ288 ነጥብ ነው። ዲቪዲ 720 በ576፣ ብሉሬይ 1920 በ1080፣ ዛሬ «ፎር ኬ» የምንለው ደግሞ 3840 በ2160። ቁጥሮቹን በተራ ለደረደራቸው ሰው ወደፊት ብቻ የሚሄድ መንገድ ይመስላሉ። እኔ ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ማታ ማታ የቆዩ ፊልሞችን ደጋግሜ እያየሁ የተገነዘብኩት ግን ሌላ ነው። ቁጥሩ የበዛው ምስል ሁልጊዜ የተሻለው አይደለም። «ኤችዲ» ተብሎ በፍላሽ የተጫነ ፊልም ከድሮው ካሴት የባሰ ደብዝዞ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ፋይሉ ትልቅ፣ በውስጡ ያለው ግን ጥቂት። ከቪሲዲ ተገልብጦ፣ ተለጥጦ፣ ትልቅ ስም ተሰጥቶት ነው የመጣው። በመጀመሪያው ቅጂ ውስጥ ያልነበረ የፊት መስመር፣ ያልነበረ የልብስ ጥለት፣ በመለጠጥ ብቻ አይወለድም።

ሰፈራችን ውስጥ ፊልም የምጭንበት ሱቅ አለ። ፍላሼን ስሰጠው ልጁ «ጋሼ፣ ይሄኛው ፉል ኤችዲ ነው» ይለኛል። ከልቡ ነው፤ እሱም የተቀበለው በዚያው ስም ነው። ከእሱ በፊት ማን እንደገለበጠው፣ ከየትኛው ዲስክ፣ ዲስኩስ ከምን ካሴት እንደተቀዳ በዚያ ሰንሰለት ውስጥ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ የአንድን ቅጂ ጥራት ስመዝን የነጥቡን ብዛት መጠየቅ ካቆምኩ ቆይቻለሁ። የምጠይቀው ይህን ነው፦ ይህ ቅጂ በካሜራው ውስጥ ካለፈው ነጋቲቭ ስንት እጅ ይርቃል?

የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ልውሰድ። ፊልሙ የተቀረጸው ዘውዳዊው ሥርዓት ሲፈርስ በነበረበት ጊዜ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ተዋናይነት ሙያቸው ባልሆነ ሰዎች ነው። ለዓለም የታየው እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሆን በዚያው ዓመት በሎካርኖ የፊልም ፌስቲቫል ተሸልሟል። ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ባላባትና ገባር፣ መሬትና በሬ፣ ጭቃና ጭስ፤ ሁሉም ነገር የተነገረው በነጭና በጥቁር መካከል ባለው የግራጫ ደረጃ ነው። የጎጆ ውስጥ ጨለማ አለበት፤ በዚያ ጨለማ ውስጥ የሰው ፊት ግማሹ ይታያል፣ ግማሹ ይደበቃል። ጥሩ ቅጂ የተደበቀውን ግማሽ ጭምር ይዞ ይመጣል። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ይጠብቃል፤ ከዚያ የጉንጩ አጥንት፣ የነጠላው ጠርዝ፣ ከኋላ ያለው ግድግዳ ቀስ እያለ ይወጣል። ቪሲዲ ግን ለአንድ ሰከንድ ምስል ያለው ቦታ ወደ 1.15 ሜጋ ቢት ብቻ ስለሆነ መቆጠብ አለበት፤ የሚቆጥበውም ዓይን ቶሎ አያስተውለውም ብሎ ካሰበው ቦታ፣ ከጨለማው ነው። ጎጆው በአራት ማዕዘን ጥቁር ጡቦች ይሞላል። ሰውዬው ፊት ያጣል።

ይህ ገና የመጀመሪያው ጉዳት ነው። የ16 ሚሊ ሜትር ፍሬም ወርዱ ከቁመቱ የሚበልጠው በሲሶ ብቻ ነው፤ የድሮው ቴሌቪዥን ቅርጽ ማለት ነው። የዛሬው ሰፊ ቴሌቪዥን ግን ቦታ ባዶ እንዳይቀር ብሎ ምስሉን ወደ ጎን ይጎትተዋል። ያኔ የሚታየው ሰው ሁሉ በሲሶ ይወፍራል። ይህን ፊልም በዚያ ሁኔታ ማየት ምን ማለት እንደሆነ ላፍታ እናስብ። ገባሩ ለባላባቱ አርሶ፣ ለባላባቱ ዘርቶ፣ ሰውነቱ ከአጥንትና ከጅማት በቀር ምንም ያልተረፈው ሰው ነው። የፊልሙ ክስ በዚያ ሰውነት ላይ ተጽፏል። ቴሌቪዥኑ በአንድ የተሳሳተ ምርጫ የጠገበ ሰው ያደርገዋል። ይህን የቴክኒክ ጉድለት ብቻ ብዬ ማለፍ አልችልም፤ ምስክርነትን ማጣመም ነው።

ጊዜም እንዲሁ ይጣመማል። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ይሄዳል። እኛ የምንጠቀምበት የፓል ሥርዓት 25 ስለሚፈልግ ብዙ ጊዜ ሲገለበጥ ፊልሙን ትንሽ ያፈጥኑታል። 150 ደቂቃ 144 ይሆናል፣ ድምፁም በመጠኑ ይቀጥናል። ስድስት ደቂቃ ምን አላት የሚል ይኖራል። «ምርት» ግን የተሠራው ከዝግታ ነው። ሰው ከሩቅ ይመጣል፣ ካሜራው ይጠብቀዋል፤ በሬ ይዞራል፣ ካሜራው አብሮ ይዞራል። ሦስት ሺህ ዓመት እንዴት እንደሚከብድ ተመልካቹ የሚያውቀው በዚያ ጥበቃ ነው። ከእያንዳንዱ እርምጃ ላይ ጥቂት የሸረፈ ቅጂ ከክብደቱ ሸርፏል።

በብራና ዘመን ስለ ቅጂ እንዲህ መጨነቅ ለጸሐፊዎቻችን እንግዳ አልነበረም። ቁም ጸሐፊው ከፊቱ ከተዘረጋው መጽሐፍ ይገለብጣል፤ ያለቀውን ሥራ የሚያውቅ ሰው ያየዋል፤ የተዘለለው ቃል በመስመሮቹ መካከል ወይም በኅዳጉ ይገባል። የእጅ ስሕተት ሊቅ ፊት ከቀረበ ይታረማል፤ ቋንቋው ራሱ ይመሰክርበታልና። ካሴት ግን መስካሪ የለውም። ከቅጂ ላይ ቅጂ ሲቀዳ የጠፋ ጥላ ጠፍቷል፤ ማንም በኅዳግ አይመልሰውም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ከያሉበት ፎቶግራፍ አንሥቶ ቅጂያቸውን አዲስ አበባና አሜሪካ ውስጥ በሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኝ ገዳም አኑሯል። ሊቃውንት ዛሬም ከዚያ ያነባሉ። መጻሕፍቶቻችንን ፊልም ጠብቆልናል። ፊልሞቻችንን ስለሚጠብቀው ግን እንዲህ በአንድ ዐረፍተ ነገር መናገር አልችልም፤ የሚቆጨኝም ይኸው ነው።

ንጹሕ የሆነ ሁሉ እውነተኛ ነው የሚል ስሜት በቀላሉ ይይዘናል። የፊልም ምስል ግሬን የሚባል ቅንጣት አለው፤ ብርሃን የተቀበለው የብር ቅንጣት ጥሎት የሚሄደው ምልክት ነው። ቆሻሻ አይደለም፤ ምስሉ የተሠራው ከእሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 «ፕሬዳተር» በአዲስ ብሉሬይ ሲወጣ ግሬኑ በኮምፒውተር ተጠርጎ የአርኖልድ ሽዋርዝኔገር ፊት ሰም የተቀባ መሰለ፤ የፊልም አፍቃሪዎች እስከ ዛሬ በክፉ ያነሡታል። በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣውን የ«ጎድፋዘር» እድሳት ሮበርት ሃሪስ ሲመራ የፊልሙ ቀራጭ ጎርደን ዊሊስ ይማከር ነበር። የዶን ኮርሊዮኔ ክፍል እንደ ጨለመ ቀረ። «አሁን እኮ ማብራት እንችላለን» የሚለውን ፈተና አለፉት። ዓይን ባይታይም ጥላው የታሰበ ነበርና። እድሳት ይህን ይመስላል፤ ሠሪው ያየውን ለማየት መሞከር፣ ከዚያ ሳያልፉ።

ከእኛ ሰው ሥራዎች ይህን ዕድል በጉልህ ያገኘው «ሳንኮፋ» ነው። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1993 ፊልሙን ሲጨርስ የአሜሪካ አከፋፋዮች ፊት ነሱት፤ አዳራሽ እየተከራየ፣ ከከተማ ከተማ እየዞረ ራሱ አሳየው። ካሴቱንም ከባለቤቱ ከሺሪኪያና አይና ጋር ዋሽንግተን ውስጥ በከፈቱት የመጽሐፍና የቪዲዮ መደብር ሸጠ። የፊልሙ ባለቤትነት ከእጁ ስላልወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በ4ኬ ታድሶ በኔትፍሊክስ ለዓለም ሲለቀቅ የሚታደስ ነገር ነበረ። በእነዚያ 28 ዓመታት አንድ ሰው ካሴት በገዛ ቁጥር ይከፍል የነበረው ለፕላስቲኩ ብቻ አልነበረም። ነጋቲቩ የሚቀመጥበት መደርደሪያ፣ ባለቤቱ ሳይሸጠው የሚቆይበት አቅም፣ ሁሉም በዚያ ዋጋ ውስጥ ነበር።

የአንድ ዲስክ ዋጋ ውድ ነው ወይስ ርካሽ የሚለውን ክርክር የማየው ከዚህ ተነሥቼ ነው። እዚህ ሆኖ ዋናውን ቅጂ መግዛት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። የውጭ ምንዛሪው አንድ ችግር ነው፤ የዲስኩ አጥር ሌላ። ዲቪዲ ዓለምን በቀጠና ይከፋፍላል። አሜሪካ ቀጠና 1፣ እኛ ቀጠና 5፤ ዘመድ ከዋሽንግተን በሻንጣው ያመጣው ዲስክ በሕጉ መሠረት እዚህ መከፈት የለበትም። ርካሽ የቻይና ማጫወቻዎች ያንን ሕግ ብዙም ስለማይጠብቁ ተጠቅመናል። ነገር ግን በሱቅ የምንከፍላት ትንሽ ብር ከነጋቲቩ ጋር የሚገናኝ መንገድ የላትም። ለአገር ውስጥ ፊልም ይህ ርቀት አጭር መሆን ይችል ነበር፤ ሠሪው አዲስ አበባ፣ ተመልካቹ ሐዋሳ፣ በመካከል 275 ኪሎ ሜትር ያህል። ስለዚህ የሠሪው ወይም የወራሾቹ የሆነ ቅጂ፣ በዩቲዩብ በራሳቸው ገጽ የተጫነም ቢሆን፣ ካለ የማየው እሱን ነው፤ የሚከፈልበት ካለም እከፍላለሁ። ምስሉ ከሌላው ባይሻል እንኳ።

ያለ ምንም ወጪ የሚገኝ ጥራትም አለ፤ ብዙ ቤት ውስጥ ተኝቶ ይገኛል። ቴሌቪዥኑ ሲገዛ በሱቅ መብራት እንዲያበራ «ደማቅ» ላይ ተስተካክሎ ይመጣል፤ ቀለሙ ይጮኻል፣ ነጩ ሰማያዊ ይሆናል። እንቅስቃሴን የሚያለሰልሰው ነገርም ክፍት ነው፤ በፍሬሞች መካከል ያልተቀረጸ ፍሬም እየፈጠረ ይጨምራል፤ የቆየ ፊልም የቱርክ ተከታታይ ድራማ ይመስላል። ሪሞቱን አንሥቶ «ሲኒማ» የሚለውን መምረጥ፣ ማለስለሻውን ማጥፋት፣ የምስሉን ቅርጽ ወደ 4 በ3 መመለስ፣ መጋረጃ መዝጋት። ጎረቤቴ ከዚህ በኋላ የራሱን ቴሌቪዥን «ጨለመብኝ» ብሎ ነበር። ትንሽ ከቆየ በኋላ ግን ፊቶችን ማየት ጀመረ።

አሁን ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር ላይ እደርሳለሁ። «ሂሩት አባቷ ማነው» ላምብሮስ ጆካሪስ ያዘጋጀው፣ ኢላላ ኢብሳ የደከመበት፣ በ1957 ዓ.ም. የታየ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ረጅም ፊልም ነው፤ አገራችን ቴሌቪዥን በጀመረችበት በዚያው ዓመት። የተቀረጸው በ35 ሚሊ ሜትር ነው። የ35 ፍሬም ስፋቱ ከ16ቱ ከአራት እጥፍ በላይ ስለሆነ በደህና የቆየ ነጋቲቭ ወይም ጥሩ ኮፒ በዛሬ ስካነር ቢያልፍ ለ4ኬ የሚበቃ ዝርዝር ይሰጣል። የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ»ም፣ በ1966 የወጣው፣ ከዚያው የሴሉሎይድ ዘመን ነው። እነዚህ ፊልሞች እስካሁን ያየናቸው የሚመስለንን ያህል አላየናቸውም። በቴሌቪዥን በደበዘዘ ቅጂ ያለፈን ፊልም «አይቼዋለሁ» ማለት ከባድ ነው።

ከእነርሱ ብዙ ዓመታት ቆይተው የመጡት ግን ሌላ ዕጣ አላቸው። በ1990ዎቹ የሔለን ታደሰ «የበረዶ ዘመን»ና እሱን የመሰሉ ሥራዎች በቪዲዮ ተቀርጸው የአማርኛ ፊልምን ወደ ሲኒማ ቤት መለሱት። ሰው በአማርኛ ለሚናገር ፊልም ተሰለፈ፤ ኋላም በሁለት ዲስክ የተከፈለውን ቪሲዲ ገዝቶ ቤቱ አስገባ፤ ሐዋሳም እንደ ሌላው ከተማ በእነዚያ ዲስኮች አድጋለች። ለእነዚህ ፊልሞች ከማስተር ካሴቱ ጀርባ የተሻለ ነጋቲቭ የለም። ቪኤችኤስ ከሆነ ወደ 240 መስመር፣ ዲጂታል ቪዲዮ ከሆነ 720 በ576፤ ከዚያ በላይ ማንም ስካነር አያወጣላቸውም። በ1957 የተሠራው ፊልም ወደፊት እየጠራ ሊሄድ ይችላል፤ በ1995 የተሠራው ግን ከተቀረጸበት ቀን ጀምሮ እየቀነሰ ብቻ ነው የሚሄደው።

ለዚህ ነው ከሁሉ በላይ የምሰጋው ለአሮጌዎቹ ሳይሆን ለቅርቦቹ። ሴሉሎይድ ሙቀትና እርጥበት ከበዛበት ኮምጣጤ ኮምጣጤ መሽተት ይጀምራል፤ ቢያንስ መታመሙን ይናገራል። የቪዲዮ ካሴት ሳይናገር ያልቃል። በቤት የተቃጠለ ዲቪዲም ከላይ ሲታይ ደህና ነው፤ ውስጡ ያለው ቀለም ሲደክም ማጫወቻው አንድ ቀን አላነብም ይላል። የሚያጫውቱት መሣሪያዎች ደግሞ እየጠፉ ነው። በደህና ጊዜ ከየቤቱ ሳሎን የማይጠፋው ዴክ ዛሬ ሲበላሽ ጭንቅላቱን የሚቀይርለት ባለሙያ ማግኘት ከባድ ነው። የቪዲዮ ካሜራዎቹ ትናንሽ ካሴቶች ያለ ካሜራቸው የማይከፈቱ ሣጥኖች ናቸው። ፊልም የሠራ፣ ያስተካከለ ወይም ያከፋፈለ ሰው ማስተሩን ቁም ሣጥን ውስጥ ካስቀመጠ፣ ዴኩ እየሠራ ሳለ ሳይጨመቅ በፊት ወደ ሃርድ ዲስክ ይገልብጠው፤ በሁለት ዲስክ፣ በሁለት የተለያየ ቤት። ከዚያ በኋላ ነው እኛ ምሥራቅ ተቀምጠን የትኛው ቅጂ ይሻላል ብለን የምንከራከርበት ነገር የሚኖረን።