ጎጆ ከማቆምህ በፊት

ልጄ፣ በስልክህ ያሳየኸኝን ቤት ደህና አድርጌ አየሁት። ግንድ በግንድ ላይ ተነባብሮ ግድግዳ ሆኗል፣ ደጁ በበረዶ ነጥቷል። ለአገሩ ልክ ነው፤ ወፍራም ግንድ ብርድ ይመክታል። የእኛ የቦንጋ ጠላት ግን እርጥበትና ምስጥ ነው። አፈር ላይ የተጋደመ ግንድ ለምስጥ ድግስ ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላልና፣ መጥረቢያህን ከመሳልህ በፊት ስማኝ።

ከጫካው ቀረሮ አትንካ። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የካፋን ደን በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዝግቦታል፤ ሕጉን ታውቀዋለህ። ሕጉ ባይኖርስ? ቀፎ የምንሰቅለው ዛፍ ላይ፣ ቡናችን የሚያፈራው ዛፍ ጥላ ሥር ነው። አንተ በአንድ ጧት የጣልከውን ቀረሮ የልጅ ልጅህ አርጅቶም ቆሞ አያየውም። ጓሮህ ያለው ባሕር ዛፍ ለአንዲት ጎጆ ይበቃል።

ኅዳር ላይ ቁረጥ፣ ቅርፊቱን ላጥ፣ ጥላ ሥር አድርቀው። ልጡን አትጣለው፤ ማገር ታስርበታለህ። እርጥብ እንጨት ከተተከለ በኋላ ይጣመማል፤ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚባለው ለዚህ ነው። አፈር የሚገባውን ጫፍ በእሳት ለብልበው፤ ምስጥ የከሰለውን ቶሎ አይደፍርም። ምሰሶውን መሃል አቁም፣ ክዳኑን ሹል አድርገው፣ ጠርዙ ከግድግዳው አልፎ ይውረድ። እዚህ ዝናብ ሰኔን አይጠብቅም፤ መጋቢት ሲገባ ክዳንህ ያለቀ ይሁን። በዙሪያው ቦይ ቆፍር፤ ሳይቃጠል በቅጠል።

ጭቃው ላይ ብቻህን አትድከም። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም»። ጭድና አፈር ተረግጦ፣ አድሮ፣ እንደገና ሲረገጥ ነው ግድግዳ የሚይዘው፤ ያ ደግሞ የብዙ እግር ሥራ ነው። ደቦ ጥራ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ»። እነሱ ሲጠሩህም አትቅር፤ ደቦ ብድር ነው።

ከገባህ በኋላ ምድጃህን አታቀዝቅዘው። የክዳኑን ሣር ከነቀዝ የሚጠብቀው ጭሱ ነው። ቡና በተፈላ ቁጥር ጭቃህን የረገጡትን ጥራ። ክዳኑ ያፈሰሰ ዕለት መሰላል ተሸክመው የሚመጡት እነሱ ናቸው።