አባቱን በስልክ ብቻ የሚያውቅ ልጅ

ከፊትዎ የተቀመጡት አባትዎ በእርግጥ አባትዎ መሆናቸውን በምን ያውቃሉ? «መልካቸውን አይቼ ነዋ!» ይሉኝ ይሆናል። መልክ ግን ብቻውን አይበቃም።

እ.ኤ.አ. በ1923 ፈረንሳዊው የአእምሮ ሐኪም ጆሴፍ ካፕግራ ከባልደረባው ጋር የአንዲት ሴት ታሪክ ጻፈ። ሴትዮዋ ባሏና ልጆቿ ተወስደው ቁርጥ እነርሱን የሚመስሉ ባዕዳን እንደተተኩባት ታምን ነበር። ሕመሙ እስከ ዛሬ በካፕግራ ስም ይጠራል። ሂርስታይንና ራማቻንድራን በ1997 የጻፉለት ሰው ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። በመኪና አደጋ ጭንቅላቱ ከተጎዳ በኋላ አባቱን «አስመሳይ ነው» ይል ጀመር። በስልክ ሲያነጋግሩት ግን ያውቃቸዋል!

ሁለቱ ተመራማሪዎች እንደገመቱት፣ የተበጠሰው መልክን ከሚለየው የአንጎል ክፍል ወደ አሚግዳላ የሚወስደው መስመር ነው። አሚግዳላ በአንጎል ውስጥ ጠልቃ የተቀበረች፣ የጣት ጫፍ የምታህል፣ ላየነው ነገር የስሜት ክብደት የምትሰጥ ክፍል ናት። ዓይን «ይህ አባትህ ነው» ሲል ልብ ዝም ይላል፤ ድምፅ ግን በሌላ መንገድ ይገባል። (ስሜቱ ጠፍቶባቸው እንዲህ ያለ የተሳሳተ እምነት ላይ ያልወደቁ ሕሙማንም ስላሉ፣ የማመዛዘን ጉድለት ሳይታከልበት አይቀርም የሚሉ አሉ።)

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ይህን ልጅ ከሃዲ ልንለው እንችላለን? ክህደት እኮ እያወቁ ነው። እኛም ብንሆን ወላጆቻችንን መርምረን አላመንናቸውም፤ ሙቀቱ ሲመጣልን ተቀበልን እንጂ። ሙቀቱ ለቀረበት ሰው አባትየው መታወቂያ አውጥተው ቢከራከሩ ምን ይፈይዳል? ከሚቀጥለው ክፍል ስልክ ቢደውሉለት ይሻል ይሆናል።