አደራ የተሰጠ ዕቃ ሲጠገን

ለመሆኑ አንድ ዕቃ ክፍሉ ሲለወጥ ያው ዕቃ ነውን? ጥያቄው የፈላስፎች ብቻ ይመስል ይሆናል። እኛ ግን ሰሞኑን ከመምህራኑ ጎጆ ደጃፍ፣ ካቻቢቴና ፒንሳ በተበተነበት ጆንያ ላይ አገኘነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት የሰፈራችን እናት፣ ሟች ባለቤታቸው ከሐረር ይዘዋት የመጡትን አሮጌ ሞቢሌት በአደራ ሰጥተውን ነበር፤ ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ስትኖር አዋላጇን እንድናመጣባት። ሞቢሌት ፈረንሳዮች በ1949 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያወጧት፣ ፔዳል ያላት ትንሽ ሞተር ናት። አንድ ሌሊት ግን መንገድ ላይ ግላ ቀረች። አዋላጇ በእግሯ ደረሰች። እናትም ሕፃንም ተረፉ፤ የተረፉት ግን በእኛ ብልሃት አልነበረም።

ብልሽቱ ከካርቡራተሩ ነበር። ካርቡራተር በቤንዚንና በአየር መካከል የተቀመጠ ዳኛ ነው። በሚዛን ለ1 እጅ ቤንዚን 15 እጅ ያህል አየር መድቦ ወደ ሞተሩ ይልካል። ቤንዚኑ የሚለካው ጂግለር በምትባል ትንሽ የነሐስ ቡሎን ቀዳዳ ነው። ሐረር ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ ባለቤትየውም ለዚያ አየር ጠበብ ያለች ጂግለር አስገብተው ነበር። ወደዚህ ቆላ ሲወርዱ አየሩ ወፈረ፣ ቤንዚኑ አነሰ፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ደግሞ ይግላል፣ ሲብስም ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። በዚህ ላይ የካርቡራተሩ አካል ራሱ ተሰንጥቆ ያለ ልክ አየር ይስብ ነበር።

ስለዚህ ከከተማው የወዳደቀ ብረት መካከል ከሌላ ሞቢሌት የተፈታ ደህና ካርቡራተር ገዛን። በቤንዚን አጥበን፣ ቀዳዳዎቹን በትንፋሽ አጸዳን። ጓርኒሲዮኑን ከደብተር ሽፋን ቆርጠን ገጠምነው። ፔዳሉን ስንረግጥ ተነሣች። ደስ ብሎን ወደ እማማ ወሰድናት።

እማማ አጎንብሰው ተመለከቱና፣ «ልጆቼ፣ እሱ በየእሑዱ በሸሚዙ ጫፍ ይወለውላት የነበረችው የታለች?» አሉን። መልስ አጣን። አሮጌውን ካርቡራተር ብረት ለሚለቅም ልጅ ሰጥተነው ነበር።

ፕሉታርክ እንደ ጻፈው፣ የአቴና ሰዎች የቴሴዎስን መርከብ የበሰበሰ ሳንቃ በአዲስ እየተኩ ለረጅም ዘመን ጠብቀዋት ነበር። ፈላስፎች ግን «ያችው ናት»፣ «አይደለችም» እያሉ ተከራከሩ። ቶማስ ሆብስ በ1655 እ.ኤ.አ. ጥያቄውን አከረረው፤ አንድ ሰው የተጣሉትን ሳንቃዎች ሰብስቦ ሌላ መርከብ ቢሠራ፣ እውነተኛዪቱ የትኛዋ ናት?

እኛ ደግሞ እንዲህ እንላለን። የአደራ ዕቃን በተመለከተ ዋናው ጥያቄ «ያው ነወይ?» ሳይሆን «አደራው ተጠብቋል ወይ?» ነው። እማማ ሞቢሌቷን የሰጡን ለአዋላጇ ነው። የተሰነጠቀውን ካርቡራተር አክብረን ብንተወው ኖሮ ዕቃውን እንጂ አደራውን ባልጠበቅን ነበር። ስለዚህ መለወጣችን ትክክል ነበር። ነገር ግን አሮጌውን ሳንጠይቅ መጣላችን ጥፋት ነው። «ቸኩለን ነበር» ብለን እንዳናመካኝ፣ ያስቸኮለን መግጠሙ እንጂ መጣሉ አልነበረም። አደራ በላ የሚባለው ዕቃ የሚሰርቅ ብቻ አይደለም፤ በሰው ዕቃ ላይ የሚበጀውን እኔ ብቻ አውቃለሁ የሚልም አለበት።

ልጁን ፈልገን አሮጌውን በገንዘብ መልሰን አመጣን። እማማ በነጠላ ጠቅልለው ሳጥናቸው ውስጥ አኖሩት። የባለቤታቸው ሞቢሌት እንግዲህ የትኛዋ ናት? መታሰቢያቸው በሳጥኑ ውስጥ ነው፤ ሥራቸው ግን በመንገድ ላይ ነው። ሁለቱንም የምታውቃቸው አንዲት ሴት ስላለች አንዱ ሌላውን አልሻረውም።

እኛም ከደጋ የወረድን ሰዎች ነን። ልጆቻችን በትምህርት ቤት በሰው አገር ቋንቋ ሲቆጥሩ ሽማግሌዎቻችን ያዝናሉ፤ እኛ መምህራኑ ደግሞ «ለዚህ አየር የሚሆነው ይህ ነው» እያልን እንከራከራቸዋለን። ክርክራችን ትክክል ሊሆን ይችላል። ሆኖም አንድ ነገር ፈትተን ከመጣላችን በፊት፣ «አባቶቼ፣ ይህንን የት እናስቀምጥላችሁ?» ብለን ጠይቀን እናውቃለን? አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባል የለም?

የተለየ አሳብ ያለው አንባቢ ጽፎ ይስጠን፤ በሚቀጥለው እትም እንገለብጠዋለን። ሞቢሌቷ ግን ባለፈው ሳምንት ሌሊት ሄዳ፣ አዋላጇን ይዛ በጊዜ ተመልሳለች።